ሙያ፦ ገበሬ — የወላጆቻችን እርሻ ከጎንደር እስከ ካርሜል ግርጌ

በከተማችን በቲራት ካርሜል ከሚኖሩ አባቶችና እናቶች መካከል በእድሜ የገፉትን «አገር ቤት ሥራዎ ምን ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የአብዛኞቹ መልስ አንድ ቃል ነው፦ ገበሬ። እኛ ልጆች ይህን ቃል ቶሎ እናልፈዋለን። አንዳንዶቻችንማ «ሥራ አልነበራቸውም» ማለት ይመስለናል።

ገበሬ ማለት ግን አንድ ነገር አይደለም። የራሱ ርስት ያለው አለ፤ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ አለ፤ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈል የእኩል አራሽ አለ፤ መሬትም በሬም የሌለው፣ በአጨዳ ጊዜ ጉልበቱን ይዞ ቆላ የሚወርድ አለ። ወላጆቻችን ከየትኞቹ ነበሩ? መንግሥትና እርዳታ ሰጪዎች «ለገበሬው» ብለው ያወጡት ፕሮግራም ሁሉ እነሱ ዘንድ ደርሷል ወይ? ለዘንድሮው መጽሔት የመረጥኩት ይህን ነው። ዓመቶቹን እዚህ አገር በምንቆጥርበት አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ወግተው ካሸነፉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይወርሳል፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አይኖረውም ብለው እንደ ደነገጉ ሲነገር ኖሯል። «ፈላሻ» የሚለውንም ስም ብዙዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል፤ አገር እያለው ርስት የሌለው ሰው እንደ ማለት ነው። በአንድ ቀን ሁሉም መሬቱን አጣ ማለት ግን አይደለም። ጦርነቱ ከዚያም በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት የማያንስ ቀጥሏል። ጎንደር ስትቆረቆርም ከቤተ እስራኤል ግንበኛና አናጺ፣ ወታደርም የነበሩ ስላገለገሉበት መሬት አግኝተዋል። ቢሆንም ጊዜው ሲረዝም የብዙኃኑ ዕጣ ጭሰኝነት ሆነ።

ጭሰኝነት በተግባር ምን ይመስል እንደነበር ከሽማግሌ አፍ መስማት ይሻላል። እኔ ከብዙዎች የሰማሁት ይህን ነው። መሬቱ የባለርስቱ ነው። አራሹ እንደ ስምምነቱ ከምርቱ እርቦውን፣ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ይሰጣል። በሬውና ዘሩ የባለመሬቱ ከሆነ ድርሻው ይበዛል። በዓል ሲመጣ ደግሞ ስጦታ አለ፤ ባለመሬቱ ቤት ሲሠራ ጉልበት አለ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ድርሻው አይደለም፤ ለከርሞ እዚያው መሬት ላይ መኖርህን አለማወቁ ነው። ለከርሞ መኖሩን የማያውቅ ሰው ድንጋይ ለቅሞ እርከን አይሠራም፣ ዛፍ አይተክልም፣ ጉድጓድ አይቆፍርም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ላይ የእጅ ሥራው ነበር። ዝናቡ ሲያባራና አዝመራው ሲሰበሰብ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ለመንደሩ ሁሉ፣ ለክርስቲያኑም ጭምር፣ የሚያበጀው ብዙ ጊዜ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ነበር። ክፍያው እህል ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ያለ እሱ ማንም ማረስ አይችልም፣ እሱ ራሱ ግን የሚያርሰው መሬት የለውም። ማረሻውን የሚሠራውን ሰው በቀን ፈልገውት ማታ «ቡዳ» ይሉታል። ይህን እናቶቻችን ሲያወሩ ይስቁበታል፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ከ1888 እስከ 1892 የደረሰውን «ክፉ ቀን» እዚህ ላይ ሳላነሳ አላልፍም። በባሕር በኩል የገባ የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ ከዚያ ድርቅና አንበጣ ተከተለ። በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም። ያን ጊዜ ካለቀው ሕዝብ መካከል ቤተ እስራኤል እጅግ ብዙ ነበሩ። ርስት የሌለው ሰው ችግር ሲመጣ የሚሸጠውም የሚያስይዘውም የለውም።

አሁን ወደ እርዳታው ዘመን እንምጣ። በ1960ዎቹ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የውጭ አገር ብድርና እርዳታ እየተቀበለ ለገበሬው ፕሮግራም መክፈት ጀመረ። በ1967 በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በስዊድን እርዳታ ተቋቋመ፤ በ1970 በወላይታ ሌላ በዓለም ባንክ ድጋፍ ተከተለ። ከ1971 ጀምሮ ደግሞ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር የሚያድል አነስ ያለ ፕሮግራም በየአውራ ጎዳናው ዳር ተዘረጋ። በወረቀት ሲታይ ጥሩ ነው። ግን ጭሰኛው ብድር ለማግኘት ከባለመሬቱ የተፈረመ ውል ማምጣት ነበረበት። የትኛው ባለመሬት ነው ጭሰኛው ጠንክሮ ነገ መብት እንዲጠይቀው የሚፈርምለት? በጭላሎማ ከዚህ የባሰ ሆነ። ማዳበሪያውና ትራክተሩ እርሻን አትራፊ ሲያደርገው ባለመሬቶቹ «እኔው ራሴ አርሰዋለሁ» ብለው ጭሰኞቻቸውን አባረሩ። ገበሬውን ሊረዳ የመጣ ፕሮግራም ገበሬውን አፈናቀለው። በእኔ አስተያየት የዚያ ዘመን ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው፦ መሬቱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ዘርና ማዳበሪያ ማደል፣ ላለው መጨመር ነው።

በዚያው ዘመን እስራኤልም በዚህ ሥራ ውስጥ ነበረች። ማሻቭ የሚባለው የውጭ ትብብር ክፍል በ1958 ተመሠረተ፤ በ1961 ደግሞ እዚሁ አጠገባችን፣ ሐይፋ ላይ፣ ከአፍሪቃና ከእስያ የሚመጡ ሴቶችን የሚያሠለጥን የካርሜል ማዕከል ተከፈተ። ከመሥራቾቹ አንዷ ጎልዳ ሜይር ነበሩ። ከቲራት ተነስተው በአውቶቡስ ተራራውን ሲወጡ የሚገኝ ቦታ ነው። ቤተ እስራኤል ግን ያን ጊዜ ወደዚህ አገር እንዲመጣ በይፋ አልተፈቀደለትም ነበር። ከእኛ ወገን በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመርጠው ራዕናና አጠገብ ወደ ክፋር ባትያ የተላኩት 27 ልጆች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ተምረው እንዲመለሱና መምህራን እንዲሆኑ ነው።

ስለ ሠራተኛው ደግሞ ሁመራን ሳያነሱ መሄድ አይቻልም። ተከዜ ሰቲት በሚባልበት የሱዳን ጠረፍ ያለው ጥቁር የቆላ መሬት በ1960ዎቹ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረትበት ጀመር። ባለትራክተሮች ሰፋፊ መሬት ያዙ። ሰሊጥ ደግሞ ፍሬው ከመርገፉ በፊት በጥቂት ቀን ውስጥ መታጨድ አለበት፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከወሎና ከኤርትራ እጅግ ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ይወርድ ነበር። ሠራተኛው የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው፤ ወባው አለ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ብዙ ሰው ጨርሷል። ደጋ የለመደ ሰው እዚያ ቆላ ሲገባ ምን እንደሚሆን አባቶቻችን ያውቁታል። ከቤተ እስራኤልም መሬት ፍለጋ ወደዚያው ወርደው አብደራፊ ላይ የሰፈሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ለዘመናት የተከለከሉትን መሬት ሌላው ሰው በበሽታው በሚሸሸው ጠረፍ ላይ ሊያገኙት ሞከሩ ማለት ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ተማሪዎች በ1965 «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ከወጡ አሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ እዳውም ተሰረዘ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ገበሬው በ800 ሄክታር አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲያቋቁም ተደረገ። መሬትን በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስም ተከለከለ፤ ከዚህ የተፈቀደላቸው ረዳት የሌላቸው ሴቶች፣ ሕመምተኞችና አረጋውያን ነበሩ። ሕዝቡን ለማደራጀት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን «እድገት በኅብረት» በሚል ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ።

ለቤተ እስራኤል ይህ አዋጅ ምን ማለት እንደነበር እኛ ልጆቹ በደንብ አልተረዳነውም ብዬ አምናለሁ። ስለ ደርግ ስናወራ የምናስታውሰው እስር ቤቱን፣ የተዘጋውን ትምህርት ቤት፣ የተከለከለውን ጉዞ ነው፤ ትክክልም ነው። ግን ደግሞ ከዐፄ ይስሐቅ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «የምታርሰው መሬት ያንተ ይዞታ ነው» ብሎ ሕግ የተናገረው ያን ቀን ነው። የቤተ እስራኤል ገበሬ በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ከቀድሞ ጌታው ጋር እኩል ተቀመጠ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ለመናገር ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም።

ችግሩ፣ ሕግ ወረቀት ላይ ሲያድር መሬቱ ላይ ሌላ ነገር ያድራል። የጎንደር ባላባቶች ዝም አላሉም። በ1976 እና በ1977 ኢዲዩ የሚባለው ጦር ከሱዳን ጠረፍ ተነስቶ ሁመራንና መተማን ያዘ፤ መሬት ያገኙ የቀድሞ ጭሰኞችም የጥቃቱ ዒላማ ሆኑ። ከመንደር የተባረሩ፣ ቤታቸው የተቃጠለ፣ የተገደሉም ነበሩ። ብዙ ቤተሰቦች መሬቱን ጥለው ወደ ጎንደር ከተማ ዙሪያ ተጠጉ። ሦስት አዝመራ እንኳ ሳይሰበስቡ ማለት ነው።

የኦርት ፕሮግራም የገባው ልክ በዚህ መሐል ነው። ኦርት በ1880 በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ፣ የተመሠረተ የአይሁድ ድርጅት ነው። ስሙ ከሩሲያኛ ሲተረጎም የእጅ ሙያና የእርሻ ሥራ ማኅበር እንደ ማለት ነው፤ መሬት እንዳይዙ ተከልክለው በየከተማው ለታጎሩት የሩሲያ አይሁድ ሙያና እርሻ ለማስተማር የተነሳ ነው። የታሪኩን አካሄድ ልብ በሉ፦ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያው ማኅበር፣ ያው ችግር ወዳለበት ጎንደር ሄደ። ከ1977 እስከ 1981 በነበሩት ዓመታት ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ሠራ፣ የውኃ ጉድጓድ ቆፈረ፣ መንገድ ጠረገ፣ ለገበሬው ዘርና መሣሪያ አቀረበ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከአሜሪካና ከሌሎች ምዕራባውያን መንግሥታት የመጣ ስለነበር ሥራው ለአካባቢው ሕዝብ ሁሉ እንጂ ለአይሁድ ብቻ አልነበረም። ክርስቲያኑም እስላሙም ከጉድጓዱ ይቀዳ ነበር።

ይህ በዚያን ጊዜ በውጭ አገር በነበሩ የቤተ እስራኤል ደጋፊዎች ዘንድ ትልቅ ክርክር አስነሳ። አንዱ ወገን፣ ገንዘቡ ለአይሁድ ሳይደርስ ለጎረቤት ነው የሚሄደው፣ ደግሞም እዚያው ለማኖር ነው እንጂ ወደ ኢየሩሳሌም ለማምጣት አይደለም አለ። ሌላው ወገን፣ ጎረቤት ተጠምቶ የአይሁድ መንደር ብቻ ጉድጓድ ቢኖረው ያ ጉድጓድ አንድ ዓመት አይቆይም አለ። የመንደርን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ሁለተኛው ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። ውኃ የሚያጣላውን ያህል ሌላ ነገር አያጣላም። የመጀመሪያው ሐሳብ ግን ከሕዝቡ ልብ ውስጥ የነበረውን ያውቅ ነበር። ሰው መሬት ሲያገኝም፣ ጉድጓድ ሲቆፈርለትም፣ ኢየሩሳሌምን አልረሳም። በየዓመቱ ለስግድ ተራራ የሚወጣው ሕዝብ አዝመራው ሊታጨድ በደረሰበት በኅዳር ወር ሥራውን ትቶ ነው የሚወጣው።

መጨረሻውን ግን ክርክሩ አልወሰነም። በ1981 መንግሥት ኦርትን አባረረ። በጎንደር አስተዳዳሪው መላኩ ተፈራ ዘመን የዕብራይስጥ ትምህርት ተከለከለ፣ መምህራን ታሰሩ። ያን ጊዜ ወደ ሱዳን የሚሄደው እግር እየበዛ ነበር።

ስለ ሱዳን ጉዞ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የተጓዙት ገበሬዎች ናቸው። መቼ እንደሚወጡ የሚወስነው አዝመራው ነበር፦ እህሉ ተሰብስቦ ስንቅ ሳይዘጋጅ አይወጣም፤ በሬው ሲሸጥ ደግሞ ጎረቤት ይጠረጥራል። በሬውን ሸጦ የሚያርስ ገበሬ የለምና። አንዳንዱ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ለጎረቤት ትቶ ሌሊት ወጣ። ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች እንደ ሞተ ይነገራል። የቀሩት ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ ሌሎችም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ መጡ፤ በሁለተኛው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ነው የገባው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ልጆችም ይጠይቃሉ፦ ገበሬ ከነበሩ ለምን እርሻ አልተሰጣቸውም? ለምን ወደ ሞሻቭ አልተላኩም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ይህች አገር ከዚያ በፊት አድርጋዋለች። በ1950ዎቹ ከሞሮኮ፣ ከየመን፣ ከኩርዲስታን የመጡት ብዙዎቹ ገበሬ እንኳ አልነበሩም፤ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ነበሩ። ሶኽኑት ግን በጭነት መኪና ወደ አዲስ ሞሻቭ ወሰዳቸው። ከ1955 ጀምሮ በላኺሽ አካባቢ ከመርከብ በቀጥታ ወደ መንደር ማስፈር የሥራው ዘዴ ሆነ። ቤት፣ መሬት፣ የውኃ ድርሻ፣ ከብት፣ ብድር፣ ከዚያም በላይ በየመንደሩ የሚኖር የእርሻ አስተማሪ ተሰጣቸው። ደስ ብሏቸው የሄዱ ብቻ አልነበሩም፤ በግድ ከመኪና ወረዱ የሚሉም አሉ። ቢሆንም መሬቱ በእጃቸው ገባ፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በዚያ መሬት ላይ ናቸው።

የእኛ ወላጆች ሲመጡ በሩ ተዘግቶ ነበር። በ1984 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በ1985 መንግሥት ኢኮኖሚውን ለማረጋጋት ወለዱን ሲያንረው በብድር የሚኖሩት ሞሻቮችና ኪቡጾች ዕዳ ውስጥ ሰመጡ። በእርሻ የሚተዳደረው ሠራተኛ ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ሆኖ ነበር። የነበሩት ገበሬዎች ልጆቻቸውን ወደ ከተማ እየላኩ ሳለ አዲስ ገበሬ ማስፈር የማይታሰብ ሆነ። ይህን ሳውቅ ቅሬታዬ አልጠፋም፤ ግን አቅጣጫው ተለወጠ። መሬት አለመስጠታቸውን ልረዳ እችላለሁ። ያልገባኝ፣ የገበሬ እውቀት እንደ እውቀት አለመቆጠሩ ነው። አፈሩን በእጁ አሽቶ የሚዘራውን የሚያውቅ፣ ቀንበርና ሞፈር ከዛፉ ላይ እያለ የሚለይ፣ የታመመ በሬ የሚያክም ሰው «ሙያ የሌለው» ተብሎ መጥረጊያ ተሰጠው። ወጣቶቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄዱ። ከእነዚህ መንደሮች ብዙዎቹ በስም የእርሻ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ከቲራት ወደ ባሕሩ ሲሉ የምናየው ክፋር ጋሊምም እንደዚያ ነው የተጀመረው። ልጁ ላም ማለብ በዕብራይስጥ ይማራል፤ አባቱ ከተማ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጧል።

የእርሻውን ሥራ ከዚያ በኋላ ማን ሠራው? ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይም በ1990ዎቹ፣ ከታይላንድ የመጡ ሠራተኞች። ከመስከረም 2023 በፊት ወደ 30,000 ገደማ ነበሩ፤ ጥቅምት 7 ላይም ከእነሱ ብዙዎች ተገደሉ፣ ታገቱም። እነሱም ልክ እንደ ሁመራው አጫጅ ከገጠር ወጥተው የሰው እርሻ ላይ የሚያድሩ፣ ቤት ገንዘብ የሚልኩ የገበሬ ልጆች ናቸው። ስለ እነሱ ስናወራ ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ከተማችንም የራሷ የእርሻ ታሪክ አላት። ከ1948 በፊት እዚህ የነበረው አረብ መንደር «ቲራት አልሎዝ»፣ የለውዙ ቲራ፣ ይባል ነበር፤ በለውዝ ዛፉ ነው የሚታወቀው። ነዋሪዎቹ በጦርነቱ ከወጡ በኋላ ቦታው የማዕባራ ሆነ፣ ከዚያ ከተማ ሆነ። በየካቲት ገደማ ተዳፋቱ ላይ ነጭ አበባ የሚያወጣው ዛፍ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ ልጅ ይህንንም መንገር ተገቢ ነው።

ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ አትሊት አጠገብ፣ አሮን አሮንሶን በ1910 የእርሻ ምርምር ጣቢያ ከፍቶ ነበር። እሱ በ1906 በሮሽ ፒና አጠገብ ያገኘው የዱር ስንዴ የስንዴ ሁሉ እናት ተብሎ ዓለምን አስደንቋል። የዚያ የዱር ስንዴ የቅርብ ዘመድ፣ ሰው ያለመደው፣ ዛሬም በኢትዮጵያ ደጋ ይዘራል፤ እናቶቻችን አጃ ይሉታል። ሩሲያዊው የዘር ሊቅ ቫቪሎቭም በ1926 እዚህ አገር መጥቶ፣ በ1927 ኢትዮጵያ ሄዶ ከገበሬው ማሳ ዘር ለቅሟል። ለእሱ የኢትዮጵያ ገበሬ ሙያ የሌለው ሰው አልነበረም፤ ያን ሁሉ ዓይነት እህል ለይቶ ያቆየ ሰው ነበር።

የዘገየ ነገር ቢሆንም ጥቂት ተጀምሯል። በቤር ሼቫና በሌሎች ከተሞች ለሽማግሌዎች የጋራ የአትክልት ቦታ ተከፍቷል፤ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ጌሾ፣ በርበሬ ይተከልበታል። አንዲት መደብ መሬት ናት፤ ግን ሽማግሌው በማለዳ የሚነሳበት ምክንያት ሰጠችው። እዚህ ቲራት ውስጥ ያሉ ወላጆችም ከሕንጻው ሥር ባለችው ጥግ ጤና አዳምና በሶብላ ሲተክሉ እናያለን።

ጤፍ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከከለከለች ወዲህ እዚህ አገር ዋጋው ስንት እንደሆነ እንጀራ የሚጋግር ሁሉ ያውቃል። በርሖቮት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ተመራማሪዎች ከእስራኤል የዘር ባንክ ውስጥ ያለውን የጤፍ ዘር እያወጡ ዘርተው፣ ለዚህ አገር አፈርና ለማሽን የሚሆነውን ሲመርጡ ቆይተዋል። ካስቸገራቸው ነገር ዋናው ጤፉ ፍሬ ሲይዝ አገዳው አለመቻሉና መተኛቱ ነው፤ በማሽን ለማጨድ አይመችም። ለዚህ ነገር ተመራማሪዎቹ ረጅም ስም አላቸው። እናቴ ፎቶውን አይታ «ጋሸበ» አለች፤ ዝናብና ንፋስ ሲመታው፣ መሬቱም ሲሰባ እንደሚጋሽብ፣ እንደዚያ ሲሆን ደግሞ በማጭድ ከየትኛው ጎን ገብቶ እንደሚታጨድ፣ እጇን እያሳየች ነገረችኝ።